ሥሩን የጠጡት

በአርባ ምንጭ፣ በሲቀላ መናኸሪያ፣ ረዳቶቹ «ምዕራብ ዓባያ! የሞላ! የሞላ!» እያሉ ሲጮሁ ጋሽ ካሱ ከአንዱ ሚኒባስ ወደ ሌላው እየሄዱ ይለማመጡ ነበር። ለራሳቸው መቀመጫ አላጡም፤ ያስቸገራቸው ውሻው ነው። መከታን እስከ አንገቱ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተው፣ አፉን በጥጥ ገመድ አስረው ታቅፈውታል። አንዱ ረዳት «አባት፣ ውሻ አንጭንም» ይላቸዋል። ሌላው «ፍየል ቢሆን እሺ፣ ይሄ ግን ተሳፋሪ ያስወርድብኛል» ይላቸዋል። እሳቸውም የመጣላቸውን ተራግመው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ።

ጋሽ ካሱ ዶርዜ ተወልደው ሲቀላ ላይ ሸማ ሲሠሩ የሸበቱ ሰው ናቸው። ጎረቤት ከጎረቤት ሲጋጭ እርጥብ ሣር ይዘው ከመሐል የሚገቡት እሳቸው ናቸው፤ የሠፈሩም ሰው ያከብራቸዋል። ሆኖም ለሌላው ያላቸው ትዕግሥት ለራሳቸው ነገር ሲሆን ውልቅ ብሎ ይጠፋል። አንዴ «አይሆንም» ካሉ አይሆንም ነው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ ከእሳቸው ጋር የሚተነፍሰው መከታ ብቻ ነው። ቀን ሲሠሩ እግራቸውን ከሚያስገቡበት የሸማኔ ጉድጓድ አጠገብ ይተኛል፤ ማታ በሩ ላይ ነው።

«ጋሽ ካሱ! እንደምን አደሩ? ይሄ መከታ አይደለም እንዴ?»

ዘወር ሲሉ ኖላዊት ናት። የጎረቤታቸው የብርቅዬ ልጅ፣ የእንስሳት ሐኪም ሆና እዚያው አርባ ምንጭ የምትሠራ። የምረቃዋን ጋቢ እሳቸው ነበሩ የሠሩላት። ከሐዋሳ በአውቶቡስ የተላከ የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥን ተረክባ በትከሻዋ አንግታለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። እሱ ነው» አሉ ፊታቸውን ዞር እያደረጉ። «ወንድሜ ጌታነህ ጋ ልወስደው ነው። የሙዝ ማሳውን ይጠብቅለት።»

«እና አፉን ለምን አሰሩት?»

«መንገደኛ እንዳይፈራ ነዋ።»

ኖላዊት ሳጥኑን መሬት አስቀምጣ ጎንበስ አለች፤ ውሻውን ግን አልነካችውም። ከገመዱ ሥር ልጋጉ እየተዝለገለገ በሽማግሌው ክንድ ላይ ይወርዳል። ዓይኑ ቀልቷል፤ ስሙን ብትጠራውም ጆሮውን አላቆመም።

«ጋሽ ካሱ፣ እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ። ሰው ነክሷል?»

ሽማግሌው የከረጢቱን አፍ ሰበሰቡ። መዋሸት አይሆንላቸውም፤ መናገርም አልፈለጉም።

«የጎረቤታችንን የዙሁራን ልጅ» አሉ በመጨረሻ። «ራኒያን። ትናንት ከሰዓት። ሁልጊዜ በአጥሩ ቀዳዳ ዳቦ ትሰጠው የለ? እንደ ልማዷ እጇን ብትዘረጋ ያዛት። ወር አይሞላም፣ አንድ የመንገድ ውሻ ጆሮውን ቀዶት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነው መልኩ የተለወጠው። አሁን ልጆቹ በድንጋይ እንገድለዋለን ብለው ተነሥተዋል።»

«ልጅቷስ? ሐኪም ቤት ሄደች?»

ይህን ሲጠየቁ ጋሽ ካሱ ደረታቸውን ነፋ አደረጉ።

«ውሻው የኔ ነው፣ ኃላፊነቱም የኔ ነው። ትናንትናውኑ ከዶርዜ መድኃኒተኛውን ይፍሩን አስመጥቼ ሥሩን አጠጥቻታለሁ። የአባቱን ሙያ የያዘ ሰው ነው። ውሃ ቁስሉን እንዳይነካው፣ መርፌ እንዳያያት ብሏል። ሕጉን ለዙሁራ በአፌ ነግሬያታለሁ። የተረፈውንም ለመከታ አፉን ፈልቅቄ በእጄ አጠጥቼዋለሁ፤ እሱስ ነፍስ አይደለም?»

የኖላዊት ፊት ተለወጠ። አዛውንት ፊት ድምፅ ከፍ ማድረግ እንደማይገባ ታውቃለች፤ እንደምንም ራሷን ገታች።

«ጋሼ፣ ጊዜ የለንም። ውሻውን ይዘን ወደ ክሊኒኩ እንሂድ፤ ከዚያ ልጅቷን ሆስፒታል እናድርስ። ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አለ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን ማንም አያድንም።»

«ክሊኒክ?» ጋሽ ካሱ ውሻውን ጥብቅ አድርገው አቀፉት። «ያንን በር ዳግመኛ አልረግጥም ብያለሁ። አንቺ ያኔ ልጅ ነበርሽ። ዳማ የሚባል ውሻ ነበረኝ። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በየመንገዱ መርዝ የተቀባ ሥጋ ተጥሎ አደረ። ዳማ ደጄ ላይ ተንፈራፈረ። ታቅፌው እየሮጥኩ ክሊኒክ ብደርስ፣ በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ ‹እዚህ የምናክመው ላምና በሬ ነው፤ ለውሻ ነው እንዲህ የሚያለከልኩት?› ብሎ ሳቀብኝ። በክንዴ ላይ ሞተ። በኋላ ስሰማ መርዙንም ያዘዛችሁት እናንተው የእንስሳት ሰዎች ናችሁ። እና ዛሬ መከታን ለናንተ አምጥቼ ላስረክብ?»

የሰው ቂም ባዶ አይደለም፤ ውስጡን ቢያዩት አንድ እውነት ተቀብሮ ይገኛል። ኖላዊትም ይህን አላስተባበለችም።

«ያኔ የተሠራው ስሕተት ነው» አለች። «የሳቀብዎትም አጥፍቷል። እኔ ስለ እነሱ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ዛሬ ግን ለውሻና ለድመት የተለየ ክፍል አለን። መርዝ የምንጥልበት ጊዜ አልፏል፤ የምንከትብበት ነው። ቃል እሰጥዎታለሁ፦ እርስዎ ሳያውቁ መከታን ምንም አላደርገውም። ይሞት ይሆናል፣ አልዋሽዎትም። ከሞተ ግን በበሽታው እንጂ በስውር አይሆንም።»

«ሥሩስ? ያጎቴን ነገር አልሰማሽም። በወጣትነቱ ውሻ ነክሶት፣ የይፍሩ አባት አጠጣው፤ ሸብቶ፣ የልጅ ልጅ አይቶ ነው የሞተው።»

«የነከሰው ውሻስ ምን ሆነ?»

«ወዲያው ተገደለ እንጂ ምን ይሆናል!»

«እንግዲያው እብድ እንደነበር በምን ታወቀ?»

ጋሽ ካሱ ዓይናቸውን ወደ ውሻው መለሱ።

«የነከሰ ውሻ ሁሉ እብድ አይደለም፣ ጋሼ። ባለቤቱን ሊከላከል፣ ወይም ሲያመው ይነክሳል። ያን ቀን ቢታሰርና አሥር ቀን ቢጠበቅ ኖሮ ምናልባት በደኅና ይከርም ነበር። ገደሉትና አጎትዎን ሥሩ አዳናቸው ተባለ። እሺ፣ ሥሩን ጠጥተው የሞቱስ የሉም?»

«አሉ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «እነሱማ ሕጉን ጥሰው ነው። አንዱ ዝናብ መታው፤ አንዷ ወንዝ ተሻገረች።»

«አዩ? የዳነውን ሥሩ አዳነው፤ የሞተው ግን በራሱ ጥፋት ሞተ። እንዲህ ከሆነ ሥሩ መቼ ነው የሚሳሳተው? የማይሳሳት መድኃኒት እኛ ዘንድ የለም። እኛ ሲሞትብን ሞተብን እንላለን።»

በዚህ መካከል መከታ ከረጢቱ ውስጥ ተወራጨና ከጉሮሮው አንድ ድምፅ ወጣ። ጩኸትም ልቅሶም አይደለም። ጋሽ ካሱ ይህን ውሻ ከቡችላነቱ ጀምሮ ያውቁታል፤ ይህን ድምፅ ግን አያውቁትም።

«ደግሞስ» አለች ኖላዊት፣ «ምዕራብ ዓባያ የሚወስዱት ወደ ማን ነው? ጋሽ ጌታነህ ቤት ስንት ልጆች አሉ?»

ይህን አላሰቡትም ነበር። ልጆቹ እሳቸውን ሲያዩ እየሮጡ መጥተው መጀመሪያ የሚያቅፉት ውሻውን ነው።

«ባጃጅ ጥሪ» አሉ።

ክሊኒኩ ሲደርሱ መከታን ወፍራም ጓንት አድርጋ በሽቦ ክፍል ውስጥ አስገባችው፤ ገመዱንም በረጅም መያዣ ፈታችለት። ከዚያ በሳህን ውሃ በሽቦው ሥር አስገባች። ውሻው ተጠምቷል። አፉን ከውሃው ነከረ፣ ላሰ፣ ደግሞ ላሰ። ውሃው ግን አይወርድለትም፤ በአፉ ጥግና ጥግ ተመልሶ ይፈስሳል። ጋሽ ካሱ ሽቦውን ይዘው አዩ። ትናንት ያጠጡት ሥርም እንዲሁ ሲመለስ አይተው ነበር፤ ያኔ መራራ ስለሆነበት ነው ብለው ነበር።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉ።

«አይደለሁም። እርግጠኛ እስክሆን ከጠበቅን ግን ለራኒያ ይመሽባታል። ለእርስዎም።»

«ለኔ ደግሞ ምን?»

«እጅዎን ያሳዩኝ።»

ዘረጉላት። የሸማኔ እጅ ነው፤ ክሩ የበላቸው ጣቶች፣ የተሰነጠቀ አውራ ጣት። በዚህ እጅ ነው የመከታን አፍ ፈልቅቀው ሥሩን ያጠጡት። ኖላዊት ወደ ቧንቧው ወስዳ ሳሙና ሰጠቻቸው። እሳቸውም እስከ ክርናቸው ታጠቡ። ፈርተዋል፤ ግን ስለራሳቸው አልነበረም። የልጅቱን ቁስል ውሃ እንዳይነካው ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ከትናንት ጀምሮም አልነካውም።

ዙሁራ በሱቋ ደጃፍ የሙዝ ዘለላ እያወረደች ነበር። ባሏ ለንግድ ሻሸመኔ ሄዷል። ራኒያ ክንዷ በነጠላ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከውስጥ ተቀምጣለች። ኖላዊት ነገሩን ባጭሩ አስረድታ «አሁኑኑ ቁስሉን በሳሙና አጥበን ሆስፒታል እንውሰዳት» ስትላት ዙሁራ በሩ ላይ ቆመች።

«ዶክተር፣ አከብርሻለሁ። አንቺ ግን የከብት ሐኪም ነሽ። የልጄን ነገር የያዙት ጋሽ ካሱ ናቸው።»

«እኔም እሷ የምትለውን ነው የምለው፣ ዙሁራ» አሉ ጋሽ ካሱ። «ልጅቷ ትታጠብ።»

ዙሁራ ወደ እሳቸው ዞረች። ለእኚህ ሰው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ያን ዕለት ግን አደረገችው።

«ጋሼ! እርስዎ አይደሉም እንዴ ትናንት እዚሁ ቆመው ውሃ ከነካት ትሞታለች ያሉኝ? ሌሊቱን ሙሉ ክንዷን ይዤ ያደርኩት፣ ላቧ እንኳ እንዳይነካው እያልኩ በምን ምክንያት ነው? ዛሬ ደግሞ ውሃ ይንካት፣ መርፌ ትወጋ ይሉኛል። ልጄ መሞከሪያ ናት? የቱን ልመን? አንዱን ይንገሩኝ! ብትሞትብኝ የትኛውን ቃልዎን ልክሰስ?»

ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ውሻውን በድንጋይ እንገድላለን ካሉት ልጆች አንዱ «ውሻውን የት ደበቃችሁት?» ብሎ ጮኸ። ሌላው «ሥሩን የሚያረክሰው ሰው ራሱ ይጠየቅበታል» አለ። ኖላዊት ለማስረዳት ብትሞክር ማንም አልሰማትም፤ ራኒያም እናቷ ስትጮህ አይታ ማልቀስ ጀመረች።

ጋሽ ካሱ በዚያ ጫጫታ መሐል ለአፍታ ቆሙ። ለሰው ጠብ መድኃኒቱን ያውቃሉ፤ የራሳቸውን ቃል ግን እንዴት ይሽሩታል? ከዚያ በቀስታ ወደ ቦዩ ዳር ሄደው ጎንበስ አሉና አንድ ጭብጥ እርጥብ ሣር ነጩ። ሕዝቡ ይህን ሲያይ ጸጥ አለ። ሽማግሌው ተመልሰው ሣሩን በሁለት እጃቸው ይዘው በዙሁራ ደጃፍ ተንበረከኩ።

«ስንት ዓመት ለሰው ጥፋት ተንበርክኬያለሁ» አሉ። «ዛሬ ለራሴ ነው። ትናንት ያን የነገርኩሽ ልጅሽን ስለምወድ ነው፤ ግን አላወቅኩም። ያላወቅኩትን እንደማውቅ አድርጌ ተናገርኩ። ያንን ቃል በዚህ ሣር ሽሬዋለሁ። ኃጢአቱ ካለ በኔ ይሁን። ልጅቷን ልቀቂልኝ፣ ዙሁራ። መጀመሪያ እኔን ይውጉኝ፣ እሷ ትይ።»

ዙሁራ ወላጆቿ ከሌላ አገር ቢመጡም እሷ ሲቀላ ተወልዳ ያደገች ናት። ሣር የያዘ ሽማግሌ ተንበርክኮ እያለ እምቢ ማለት በጋሞ ምድር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። እንባዋ መጣ።

«ይነሡ ጋሼ» አለች። «ስለ አላህ፣ ይነሡ። ሳሙና አምጡ!»

የራኒያ ቁስል በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለረጅም ጊዜ ታጠበ። ከዚያ አንድ ባጃጅ ላይ አራት ሆነው ተጨናንቀው ወደ ሆስፒታሉ ወጡ። እንዳሉትም መጀመሪያ እሳቸው ተወጉ፤ መርፌው ሲገባ ፊታቸውን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አጨማደዱና ራኒያ ሳቀችባቸው። የእሷ ተራ ሲደርስ አለቀሰች። የመጀመሪያው ብቻ እንዳልሆነ፣ በቀጠሮው ቀን ሁሉ መመለስ እንዳለባቸውም ተነገራቸው፤ አንዱንም ቀጠሮ አላስተጓጎሉም።

መከታ ግን አልተሻለውም። ጋሽ ካሱ በየቀኑ ክሊኒኩ ሄደው ከሽቦው ወዲህ ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን ስሙን ሲጠሩት ሽቦውን በጥርሱ ያዘና አልለቅ አለ፤ ድዱ ደማ። አላወቃቸውም። ኖላዊት ከኋላቸው መጥታ ቆመች።

«ጋሼ፣ ቃል ገብቼ ነበር። ሳልነግርዎ ምንም አላደርግም ብያለሁ። አሁን ስቃዩ ብቻ ነው የቀረው። በመርፌ ላሳርፈው እችላለሁ፤ እርስዎ አይሆንም ካሉ ግን እጄን አላነሣም።»

ሽማግሌው ከሽቦው ዞሩ። «ዳማን ስትገድሉት ማንም አልጠየቀኝም። አንቺ ጠየቅሽኝ።» ከዚያ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። «አሳርፊው፣ ልጄ።» እዚያው ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ ማንም አልሳቀባቸውም። ከቀናት በኋላ ከላቦራቶሪ የመጣው ውጤት በሽታው ያው እንደነበር አረጋገጠ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሰው ግን የለመደውን ቶሎ አይለቅም። ራኒያ ክትባቷን ጨርሳ ደኅና ስትሆን ሠፈሩ «አያችሁ፣ ሥሩ አዳናት» ማለት ጀመረ። የይፍሩ ስም ከበፊቱ ይልቅ ገነነ። ኖላዊትና ባልደረቦቿ በሲቀላ ሜዳ የውሻ ክትባት ባዘጋጁ ቀን ይህ ወሬ ከሰዉ ቀድሞ ሜዳው ላይ ደርሶ ነበር። ባለ ውሾቹ ከሩቅ ቆመው ይተያያሉ። ይፍሩም ለገበያ ወርዶ ኖሮ ከዳር ቆሟል፤ ሰዉ እጅ ይነሣዋል።

«ሥር እያለልን መርፌ ምን ያደርግልናል?» አለች አንዲት ሴት ጮክ ብላ። «የዙሁራን ልጅ ያዳናት ሥሩ አይደለም?»

ጋሽ ካሱ ከሕዝቡ መሐል ወጡ። ድምፃቸው የሽምግልና ድምፅ ነው፤ ሳይጮሁ ይሰማል።

«ልጠይቃችሁ። ያን ቀን ከዚያ ሥር የጠጡ ሁለት ነበሩ። ከአንድ ጠርሙስ። አንዷ ራኒያ ናት። ሁለተኛው መከታ ነበር፤ እኔ ነኝ በዚህ እጄ ያጠጣሁት። የመከታን ቁስል ውሃ አልነካውም፣ ወንዝ አልተሻገረም። ሥሩን በጠጣ ጊዜም መርፌ አላየውም፤ ሕጉን ሁሉ ጠብቋል። ራኒያ ግን ታጥባለች፣ ተወግታለች፤ ሕጉን አንድም ሳይቀር ጥሳለች። እኔም ተወግቻለሁ። ሕጉን የጠበቀው ሞተ። የጣሰችው ያቺውና እዚያ ቆማለች። እንግዲህ ሥሩ ነው ያዳናት የምትሉ ካላችሁ፣ መከታን ምን ገደለው? ንገሩኝ።»

ዙሁራ የራኒያን እጅ ይዛ ከፊት ቆማለች።

«እኔ ውሻዬን ከመርፌ ላሸሽ ብዬ ለወንድሜ ልጆች ሞት ልወስድላቸው ነበር» አሉ ቀጥለው። «በጊዜው አስከትቤው ቢሆን ዛሬ ከእግሬ ሥር ተኝቶ ነበር። ስለዚህ የምነግራችሁ ይህንን ነው። ውሻችሁን በየዓመቱ አስከትቡ። ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ እጠቡ፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ። ውሻውን አትግደሉት፣ እንደኔም አትደብቁት፤ አስራችሁ ለሐኪሞቹ ንገሩ። ከደኅና ውሻ ጠባቂ ታገኛላችሁ፣ ልጆቻችሁም ሳይፈሩ ደጅ ይጫወታሉ። ሐኪሞቹን የሚፈራ ካለ እኔን ይጠይቅ፤ ከኔ በላይ የጠላቸው አልነበረም።»

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው ያችው የጮኸችው ሴት ናት። ውሻዋን እየጎተተች ወደ ጠረጴዛው መጣች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ጋሽ ካሱ ግን ዓይናቸው ከዳር ከቆመው ሰው ላይ ነበር። ይፍሩ ይቆጣል ብለው ጠብቀው ነበር፤ አልተቆጣም። ፊቱ አመድ መስሏል። ቀስ ብሎ መጥቶ ከኖላዊት ፊት ቆመ።

«ዶክተር» አለ። «አባቴ እንዳሳየኝ ነው የምሠራው፤ ሰው ልገድል ብዬ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ዶርዜ ላይ አንድ ልጅ አጠጥቻለሁ። ውሃ እንዳይነካው ብዬ... የነከሰው ውሻ በማግስቱ ሞቷል። አሁንም ይደርስለታል?»

«ምልክት አሳይቷል?»

«ትናንት ሳየው ይጫወት ነበር።»

ኖላዊት መርፌውን ለባልደረባዋ አቀበለችና ጓንቷን አወለቀች። «እንግዲያው አሁኑኑ ከሄድን ይደርስለታል። ይምሩን፣ ቤቱን ያሳዩን።»

የክሊኒኩ መኪና ሲነሣ ጋሽ ካሱ «ቆዩኝ» አሉ። ወደ ሜዳው ዳር ሄደው ጎንበስ አሉና አንድ ጭብጥ እርጥብ ሣር ነጭተው መጡ።

«እናትየዋ እምቢ ካለች» አሉ ወደ መኪናው እየገቡ፣ «ከይፍሩ ጋር አብረን እንንበረከካለን።»